የአባቴ ሦስት በአራት

አቦምሳ ባደግንበት ጭቃ ቤት፣ በጓሮ በኩል ባለው ግድግዳ ላይ አንድ ቀዳዳ ነበር። ወርዱ ሁለት ስንዝር ይሆናል። ከፍታው ከአባቴ መሥሪያ ጠረጴዛ ጋር እኩል ነው። መዝጊያው ከቁራጭ ጣውላ ተሠርቶ በቆዳ ማጠፊያ የተንጠለጠለ ነበር። ቤታችን አዲስ እንግዳ ሲመጣ ዓይኑ መጀመሪያ የሚያርፈው እዚያ ላይ ነው። መስኮት እንዳይሉት ጠባብ ነው፤ የጭስ መውጫ እንዳይሉት ዝቅ ብሏል። ጥቅሙ የሚታወቀው አባዬ ረጅም ጣውላ መላግ ሲጀምር ነበር። የሥራ ክፍሉ ሦስት ሜትር በአራት ሜትር ነው። አራት ሜትር ጣውላ ውስጥ ከገባ ከግድግዳ እስከ ግድግዳ ይሞላዋል፤ ለሰውም ለመላጊያም መቆሚያ አይተርፍም። ስለዚህ መዝጊያው ይነሣና የጣውላው ጫፍ ወደ ጓሮ ብቅ ይላል። ጓሮ የምንጫወት ልጆች «ወጣ!» የሚል ድምፅ ስንሰማ ዘወር እንል ነበር። አንዳንዴ ጣውላው ላይ ዶሮ ትወጣበትና መላጊያው ሲገፋ እየተንጫጫች ትወርዳለች።

ጠባብ ቤት ውስጥ ስለሚሠራ እንጨት ሥራ ሲወራ ብዙ ሰው የሚያነሣው መደርደሪያና መስቀያ ነው። እሱማ እኛም ቤት ነበር። መሮዎቹ በግድግዳው ላይ በተመታ ቀጭን ጣውላ ቀዳዳዎች ውስጥ በመጠናቸው ተሰልፈዋል። ስኳድራው በሩ ጀርባ ላይ ነው፤ መጋዞቹ ጥርሳቸውን ወደ ግድግዳ አዙረው ይሰቀላሉ። ምስማር የሚቀመጠው ደግሞ በመርቲ የቲማቲም ድልህ ጣሳ ነበር። መርቲ የእኛው ወረዳ ስም፣ ፋብሪካውም ከእኛ ወደ አዋሽ ወረድ ብሎ ስለሆነ ጣሳው በየቤቱ ሞልቷል። አባዬ ጣሳውን በጎኑ ግድግዳ ላይ ይመታውና አፉ ወደ ሰው ይዞራል፤ ሳይቆሙና ሳይጎነበሱ እጅ ሰድዶ ማውጣት ነው። ባለ አምስት፣ ባለ ስምንት፣ ባለ አሥር ምስማር እየተለየ ይገባል። የተጣመመው እንኳ የራሱ ጣሳ ነበረው። እሱን በድንጋይ ማቅናት የእኔ ሥራ ነበር።

ያ ቤት ቡፌና ቁም ሳጥን፣ አልጋና በር ሲያወጣ የኖረው ግን በጣሳው አይደለም። ምስጢሩ የሥራው ተራ ላይ ነበር። አባዬ ክፍሉ ውስጥ በአንድ ቀን ሁለት ዓይነት ሥራ አይሠራም። የሚሰነጠቅ ካለ ደጅ ማንጎው ሥር ይሰነጠቃል። ሲላግ ቀኑን ሙሉ የተቆረጠው ሁሉ ይላጋል። ከዚያ ምልክት፣ ከዚያ ቀዳዳ፣ ከዚያ ምላስ ማውጣት። አንዱ ሳያልቅ ሌላው አይነካም። የአንዱ ሥራ ትርፍራፊ ተጠርጎ ሳይወጣ የሌላው መሣሪያ ከግድግዳ አይወርድም። ትልቅ ቤት ያለው አናጢ ለየሥራው ለየብቻ ጥግ ይሰጣል፤ አባዬ የሰጠው ለየብቻ ቀን ነው።

ይህን ልማድ ያመጣው ከአሰላ ነው። እኔ ከመወለዴ በፊት እዚያ ሄዶ በካዱ ግቢ በቀን ሠራተኝነት ቆይቷል። ካዱ ያኔ በስዊድን መንግሥት ርዳታ በ1960 ዓ.ም. ገደማ አሰላ ላይ ሥራ የጀመረው የጭላሎ የእርሻ ልማት ድርጅት ነው። ብዙ ሰው የሚያውቀው በማዳበሪያውና በምርጥ ዘሩ ነው እንጂ ማረሻና የበሬ ጋሪ እየተሠራ የሚሞከርበት ወርክሾፕም ነበረው። አባዬ እዚያ ጣውላ ተሸክሟል፣ ጠርጓል፣ ቆሞም አይቷል። ስለ ፈረንጆቹ ሲያወራ ማሽናቸውን አያነሣም። ያስደነቀው ጣውላ አደራደራቸው ነበር። እርጥቡን ጣውላ መሬት ላይ አያጋድሙትም፤ ከፍ ካለ መሠረት ላይ አድርገው በየመሐሉ ቀጫጭን እንጨት እያስገቡ ይቆልሉታል። ንፋስ በአራቱም ጎን ይገባዋል። ጫፍ ጫፉን ቀለም ይቀቡታል፤ እንጨት ውኃውን ቶሎ የሚጥለው በጫፉ ስለሆነ ካልተቀባ ከዚያ ጀምሮ ይተረተራል።

ይህ ለአሰላ ሰው ከሚጠቅመው ይልቅ ለአቦምሳ ሰው ይጠቅማል። አሰላ ከባሕር ጠለል በላይ 2400 ሜትር አካባቢ ጭላሎ ሥር የተቀመጠች፣ ጠዋት ጠዋት ጉም የማይለያት ከተማ ናት። እኛ ዘንድ ማንጎና ፓፓያ ይበቅላል፤ የአዋሽ ሸለቆ ትኩሳት ይደርሰናል። ስለዚህ አሰላ ላይ «ደርቋል» ተብሎ የተገዛ የፈረንጅ ጥድ አቦምሳ ሲደርስ እንደገና መድረቅ ይጀምራል። እንጨት የሚደርቀው አየሩ እስከሚፈቅድለት ድረስ ነው። በውስጡ ያለው ውኃ ከደረቅ ክብደቱ ሠላሳ በመቶ ያህል እስኪደርስ ምንም ሳይሆን ይቆይና ከዚያ በታች ሲወርድ መኮማተር ይጀምራል። በቁመቱ እምብዛም አይነካውም። በወርዱ ነው የሚጠበው፤ ያውም በዕድሜ ቀለበቱ ዙሪያ የሚጠበው ወደ እምብርቱ ከሚጠበው እጥፍ ሊደርስ ይችላል። ገና ሳይደርቅ በኮላና በምስማር ወጥረው የያዙት ሰፊ ገበታ ታዲያ የሚጠብበት ሲያጣ መሐል ለመሐል ይሰነጠቃል። ከደጋ የመጡ ስንት ቡፌዎች በመጀመሪያው በጋ ሌሊት «ጧ!» ብለው ባለቤቶቻቸውን እንዳስደነገጡ የአቦምሳ ሰው ያውቃል።

አባዬ ስለዚህ የበሩን መሐል ገበታ ኮላ አያስነካውም ነበር። ዙሪያውን ያለው ፍሬም በምላስና በቀዳዳ ተጋጥሞ በእንጨት ችንካር ይታሰራል፤ ገበታው ግን በጎድጓዳው ውስጥ እንዲሁ ይቀመጣል። ይጠብ እንደሆነ ይጥበብ፣ ይሰፋ እንደሆነ ይስፋ። አንድ ነጋዴ የወሰደውን በር ይዞ የተመለሰበት ቀን ትዝ ይለኛል።

«ጋሼ፣ ይሄ ነገር ይንኳኳል እኮ! ሳታጠብቀው ነው የሰጠኸኝ።»

«ይንኳኳ» አለው አባዬ ከሥራው ቀና ሳይል። «ክረምት ሲገባ ዝም ይላል። በጋ ላይ ዝም ያለ በር ካየህ ስንጥቁን ፈልገው።»

ሰውዬው እያጉረመረመ ሄደ። ሐምሌ ላይ ተመልሶ ሁለተኛ በር አዘዘ።

የጣውላው ማድረቂያ የት ነበር ለሚል፣ ከአናታችን በላይ ነው። ክፍሉ መሬቱ እንጂ ቁመቱ አልተነካም ነበር። አባዬ በማገሮቹ ላይ ቆጥ ሠራና ጣውላውን በመሐል በመሐሉ ቀጭን እንጨት እያስገባ ደረደረበት። በየጫፉ በከሰል የገባበትን ወርና ዓመት ይጽፋል። ቆጡ ከሥራ ክፍሉ አልፎ እስከ መኝታችን ድረስ ይዘልቅ ነበር። እማዬ «ጫካ ተሸክመን ነው የምንተኛው፤ አንድ ቀን ይወርድብናል» እያለች ትነጫነጫለች። ጣውላው አንድ ጊዜም አልወረደም። አይጥ ግን ወርዷል። ለአየር ማድረቂያ ሁለት ሴንቲ ሜትር ተኩል ውፍረት በዓመት የሚለው ስሌት የቀዝቃዛ አገር ነው፤ ከቆርቆሮ ሥር በአቦምሳ ፀሐይ ከዚያ ይፈጥናል። ፍጥነቱ ራሱ ጣውላ ያጣምማል። ስለዚህ አባዬ ትኩሱን ጣውላ ከታች አድርጎ የቆየውን ወደ ቆርቆሮው ያስጠጋዋል። ቦታ መቀያየሩ የአንድ ሙሉ እሑድ ሥራ ነበር። ያን ቀን እኔና ታላቅ ወንድሜ ካልተጠራን ቤት ውስጥ አንገኝም።

የዚያች ክፍል ልክ የታየው በ1978 ነው። የመንደር ምሥረታው ዘመቻ አርሲ ገባና ገበሬው ተበታትኖ ከኖረበት ቤቱን እያፈረሰ በመስመር ወደተቀየሰ መንደር እንዲገባ ተደረገ። ወዶ ቤቱን ያፈረሰ ሰው አላየሁም። ያየሁት ማገርና ወጋግራ በትከሻቸው ተሸክመው መንገዱን የሞሉ ሰዎችን ነው። ከኋላቸው ሴቶች ምድጃና እንስራ ይዘው ይከተላሉ። የአዲሱ መንደር ቤት ሁሉ በር ይፈልጋል፤ የድሮው በር ለአዲሱ መቃን አይሆንም። አንድ ጠዋት የገበሬ ማኅበር ሰዎች ደጃችን መጡ። እንጨቱን እነሱ ያመጣሉ፣ አባዬ ይሠራል፣ ቶሎ ይድረስ። ያመጡት እንጨት ገና ውኃው ያልደረቀ ባሕር ዛፍ ነበር።

ባሕር ዛፍ ሲሰነጠቅ ራሱ ጣጣ ነው። በቁመናው ሳለ በውስጡ ውጥረት ስለያዘ መጋዙ ሲገባበት ይከፈትና ይጎብጣል፤ አንዳንዱም መጋዙን ነክሶ ይይዛል። አባዬ ሽብልቅ እያስገባ ነው የሚቀጥለው። ለእሱ ግን ችግሩ ባሕር ዛፉ ብቻ አልነበረም። በሦስት በአራት ክፍል አንድ በር ከተገጠመ ሁለተኛው የሚጋደምበት የለም። መላው አንድ ዘንግ ሆነ። ቀጥ ያለ የዋንዛ ዘንግ ላገና የበሩን ልክ ሁሉ እዚያ ላይ ቆረጠ፦ ቁመት፣ ወርድ፣ የቀዳዳዎቹ ቦታ፣ የምላሱ ርዝመት። ከዚያ ወዲያ ሜትር አልነካም። በሜትር ሁለት ጊዜ የለካ ሁለት ጊዜ ይለያይበታል፤ በዘንግ የተለካ ግን ሁሉም አንድ ይሆናል። መቆረጡ ማንጎው ሥር፣ ቀዳዳውና ምላሱ ክፍሉ ውስጥ ተሠራ። የተጠናቀቀው ቁራጭ ሳይገጣጠም በአህያ ወደ መንደሩ ተጫነ። በሩ በር የሆነው እዚያው መቃኑ ፊት ነው።

ረጅም ሞርሳ አልነበረንም። መግጠሚያው ገመድ ነበር። ፍሬሙ ይጋጠማል፣ ገመድ ሁለት ዙር ይጠመጠምበታል፣ በሁለቱ ዙር መሐል አጭር ዱላ ገብቶ ይጠመዘዛል። ገመዱ እየጠበቀ ሲሄድ መገጣጠሚያው ሲጨመቅ ይሰማል፤ ከቀዳዳው የእርጥብ ባሕር ዛፍ ውኃ ብጭቅ ብሎ ሲወጣ አይቻለሁ። ዱላው እንዳይፈታ ከፍሬሙ ጋር ይወተፋል። ከዚያ ችንካሩ ይመታል። አባዬ ችንካሩን ለብቻው ከደረቀ ወይራ ነበር የሚያዘጋጀው። ደረቅ ችንካር በእርጥብ ፍሬም ውስጥ ሲገባ ፍሬሙ እየደረቀ ይይዘዋል። ወንድሜ «ለምን በምስማር አንመታውም? ይፈጥናል» ሲለው «ምስማር የመታኸውን በር ማን ያፈርሰዋል?» አለ። ያኔ መልሱ ነገር አልሰጠንም።

በየካቲት 1982 የቅይጥ ኢኮኖሚው አዋጅ ሲወራ ገበሬው ማንንም ሳይጠይቅ ከመንደሩ መውጣት ጀመረ። በዚያ ሰሞን ገበያ ስሄድ የአባቴን በሮች በመንገድ ላይ አየኋቸው፤ ችንካራቸው ወጥቶ ተበታትነው በአህያ ተጭነው ወደ ድሮ ቦታቸው ይሄዳሉ። ሌሎች በምስማር የመቷቸው በሮች ግን በመጥረቢያ ተፈልጠው ማገዶ ሆነዋል።

ስለ ማገዶ ካነሣሁ የእማዬን ሰጋቱራ ሳላነሣ አላልፍም። ጠባብ ቤት ውስጥ ትርፍራፊ ማለት የተያዘ ቦታ ማለት ነው፤ ስለዚህ ሁሉም መሄጃ ነበረው። ፍቅፋቂው ለእሳት ማያያዣ ይሄዳል፣ ቁራጩ ለበርጩማ እግርና ለረከቦት ይመረጣል። ሰጋቱራው ደግሞ ለምድጃ ነው። እማዬ ከታች በጎኑ ቀዳዳ ያለው ትልቅ ጣሳ ታመጣለች። አንድ ክብ እንጨት መሐሉ ላይ ታቆማለች፤ አንድ ሌላ ደግሞ በታችኛው ቀዳዳ አስገብታ ታገናኛቸዋለች። ሰጋቱራውን በዙሪያቸው ስትጨምር በቡጢዋ እየጠቀጠቀች ነው፤ ልል ከሆነ ይናዳል። ሲሞላ ሁለቱን እንጨቶች እያሽከረከረች ቀስ ብላ ትመዝዛቸዋለች። መሐሉ ላይ ጭስ መውጫ፣ ከታች አየር መግቢያ ይቀራል። ከታች ሲለኮስ ከውስጥ ወደ ውጭ እየበላ ከሰዓት ሙሉ ይቆያል። ባቄላና ሽምብራ የሚበስለው በእሱ ነበር። የወይራ ሰጋቱራ ካለ ቤቱ ይታጠናል፤ የጥድ ከሆነ ዓይን ያስለቅሳል። እማዬ ሰኞ ምን እንደምትቀቅል የሚወሰነው ቅዳሜ አባዬ ምን እንደሰነጠቀ ነው።

የመሥሪያ ጠረጴዛውም የአናጢው ብቻ አልነበረም። የእማዬ ማኅበር ሲደርስ ይታጠብና ነጠላ ለብሶ እንጀራ ይቆረስበታል። ለዚህ ሲል አባዬ ጠረጴዛው ላይ ምስማር መትቶ አያውቅም፤ መያዣው ሁሉ በቀዳዳ የሚገባና የሚነቀል ነበር። ለቅሶ ሲሆን ግን ጠረጴዛው ሌላ ሥራ አለው። ትንሽ ከተማ ውስጥ አናጢ መሆን ማለት በሌሊት መጠራት ማለት ነው። በሩ ይንኳኳል፣ የዕድሩ ሰው በችቦ ወይም በባትሪ ቆሟል፣ ስም ይጠራል። አባዬ አንድም ቃል ሳይናገር ከበሩ ጀርባ ያቆማቸውን የፈረንጅ ጥድ ጣውላዎች ያወጣል። ለዚያ ተብለው የተላጉና በቁመት የተዘጋጁ እንደነበሩ ያወቅሁት ካደግሁ በኋላ ነው። እንግዳ ቢጠይቀው «ለቁም ሳጥን ነው» ይላል።

በ1986 የወጣው የደን አዋጅ ዋንዛ፣ ዝግባ፣ ጥድና ኮሶ ከመንግሥትና ከክልል ደን እንዳይቆረጡ ከለከለ። አባዬ አዋጁን ሲሰማ «ዘግይቷል» ነው ያለው። ከእኛ በላይ ባለው ደጋ ዝግባው ወደ ውስጥ ከሸሸ ቆይቶ ነበር፤ ጓሮ የቆመ ዋንዛም ነጭ አበባው ላይ ንብ ስለሚሰፍርበት ባለቤቱ በቀላሉ አይሰጠውም። አናጢው ወደ ግራቪሊያና ወደ ፈረንጅ ጥድ ዞረ፤ ቆየት ብሎ ችፑድና ኤምዲኤፍ መጣ። ለኤምዲኤፍ ማድረቂያ ቆጥ አያስፈልግም። ውኃ ሲነካው ግን አብጦ ይፈራርሳል፤ ጠረጴዛው ላይ አንድ ኩባያ የፈሰሰበት ቤት ያውቀዋል።

ታላቅ ወንድሜ ሥራውን የተረከበው በዚያ ዘመን ነው። በጥቃቅንና አነስተኛ ተደራጅቶ ብድር አገኘና መሰንጠቂያም መላጊያም የሆነ ማሽን ገዛ። ማሽኑ ጥሩ ነበር። ክፍሉ ውስጥ ሲገባ ግን በሩም ጠረጴዛውም ታፈኑ። መብራት ሲመጣ ሥራ ነው፣ ሲሄድ ማሽኑ ዙሪያ ቆሞ መጠበቅ ነው። የእጅ መላጊያ ለማንሣት ቦታ የለም። ዓመት ሳይሞላ ወንድሜ ማሽኑን ጎማ አስበይዶ በረንዳ ላይ አወጣው፤ ሲሠራ ወደ ጓሮ ይገፋዋል፣ ሲመሽ ይመልሰዋል። ክፍሉም ለመሮና ለመገጣጠሚያ ተለቀቀ። ያኔ ነው ሥራው የተስተካከለው።

ኋላ እንደ አባዬ ቤቱ ውስጥ ይሠራ ስለነበረ ጄምስ ክሬኖቭ የሚባል ሰው አነበብኩ። ስቶክሆልም አጠገብ በቤቱ ምድር ቤት ውስጥ ብቻውን ካቢኔ ሲሠራ የኖረ፣ በ1976 እ.ኤ.አ. የመጀመሪያ መጽሐፉን ያወጣ፣ ከ1981 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ደግሞ ካሊፎርኒያ ውስጥ ያስተማረ ሰው ነው። መላጊያውን የሚሠራው ራሱ ነበር። የአባዬም መላጊያ ወይራ ነበር፣ ምላጩም ቀጥቃጭ ከመኪና ባሌስትራ ያወጣለት ነበር። ለአናጢ ከሚያስፈልጉት ሁሉ አባዬ የሚያስቀድመው መላጊያውን ነው፤ ለዚህም ይመስለኛል እሱ ያለፈበት ክፍል ዛሬም ሥራ ያላቋረጠው። ግድግዳው ብሎኬት ሆኗል፤ ቀዳዳውን ሲገነቡ ትተውለታል።

ቤታችሁ ውስጥ ጠባብ ክፍል አግኝታችሁ እንጨት መሥራት ያማራችሁ፣ ብራችሁን መጀመሪያ ማሽን ላይ አታውጡ። ጣውላ ገዝታችሁ ቆጥ ላይ ስቀሉና ቀኑን ጻፉበት፤ እስኪደርቅ ምላጭ መሳል ተማሩ። አቦምሳም ሁኑ አሰላ፣ አዲስ አበባም ሁኑ፣ የአባታችሁ ወይም የአያታችሁ መላጊያና መሮ የሆነ ቦታ ተጥሎ ካለ ለቁራሌ በኪሎ አትስጡት። ምላጩን ዘይት ቀቡና በጨርቅ ጠቅልሉት፤ ሠፈራችሁ ውስጥ ቴክኒክና ሙያ የሚማር ልጅ ካለ ጠርታችሁ ስጡት።